የሠራተኛዋ ክፍል

ሰሞኑን ደብሮኛል። የምታውቁኝ ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁኝ ደግሞ ኅዳር ነው፣ በቃ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ ወዲህ ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ድቅድቅ ይላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ጢም ብሎባት እንኳ በዚህ ወቅት ጭር ትላለች። ብ. ትደውልና «ቫይታሚን ዲ ነው የጎደለሽ» ትለኛለች። ለሷ ሁሉም ነገር ቫይታሚን ዲ ነው። ፍቺዋን ራሱ ያለፈችው በሱ ነው።

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ውሃ ልጠጣ ተነሣሁ። የኩሽናውን መብራት ሳበራ አንዲት በረሮ ከምድጃው ሥር ወጥታ ወለሉ መሐል ቆማለች። እዚህ ሕንፃ ውስጥ በረሮ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ አለመሮጧ ነው። ነጠላ ጫማዬን አወለቅሁ፣ አነሣሁ፤ እጄ አየር ላይ እንዳለ ግን ያቺ የብራዚሏ ደራሲ መጽሐፍ ትዝ አለችኝና ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በረሮዋ የት እንደገባች አላየሁም። ግድም አልሰጠኝም፤ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዷል።

ክላሪስ ሊስፔክቶር «የጂ.ኤች. ሕማማት»ን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው (ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ታሪኩ ከተባለ ታሪኩ ይህ ነው፦ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ የሕንፃ አናት ላይ የምትኖር፣ ኑሮ የሞላላት ቀራፂት አለች። ሠራተኛዋ ሥራዋን ለቃ ሄዳለች። እመቤቲቱ «እስቲ የሠራተኛዋን ክፍል ላስተካክል» ብላ ትገባለች። የምትጠብቀው ጨለማ፣ እድፍና የዕቃ ክምር ነው። የሚጠብቃት ፀሐይ የሞላው ነጭ ክፍል፣ ፅድት ያለ። ግድግዳው ላይ በከሰል የተሳሉ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ራቁቱን የቆመ ወንድ፣ ራቁቷን የቆመች ሴት፣ አንድ ውሻ። ከዚያ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት በረሮ ይወጣል፤ በሩን ድርግም ታደርግበታለች፤ ግማሽ ገላው ተጨፍልቆ ነጭ ነገር ይወጣዋል። ቀሪው መጽሐፍ ሴትዮዋ በረሮውን እያየች፣ በረሮውም እሷን እያያት ነው። መጨረሻ ላይ ያንን ነጭ ነገር ትቀምሰዋለች።

የመጽሐፉ ነገር በተነሣ ቁጥር ሰው የሚያወራው ስለ በረሮው ነው። ስለ ህላዌ፣ ስለ እግዜር፣ ሰው ከሰውነት በፊት ምን እንደነበር። ይሁን፤ እኔም ገብቶኝም ሆነ ሳይገባኝ አንብቤዋለሁ። እኔ ግን የቀረሁት ግድግዳው ጋ ነው። ጃናይር ትባላለች ሠራተኛዋ። ጂ.ኤች. ክፍሉ ውስጥ ቆማ የልጅቷን መልክ ለማስታወስ ትታገላለች፤ ቤቷ ውስጥ ስትመላለስ የኖረች ሴት ፊት አልመጣ ይላታል። ሥዕሉን ስታይ ነው «ለካስ ይቺ ልጅ ትጠላኝ ነበር» የምትለው። ትልቅ ነገር ነው እኮ! ትስልና ትሄዳለች። በረሮው መቶ ገጽ ሲያገኝ ጃናይር ከመጽሐፉ እንደወጣች ቀረች። የት ሄደች? ሌላ ቤት ተቀጠረች? ከሰሉንስ ከየት አመጣችው?

ደግሞ እዩት፤ እመቤቲቱ ስም የላትም። ሻንጣዋ ቆዳ ላይ የተጻፉት ሁለት ፊደላት ብቻ ናት። ስም ያላት ሠራተኛዋ ናት። ሊስፔክቶር አውቃ ያደረገችው ይመስለኛል፤ እሷ ዝም ብላ ምንም የምታደርግ ሴት አይደለችም።

የምሠራበትን ሰፈር ታውቃላችሁ፤ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ቼቪ ቼዝ። ሊስፔክቶር እዚያው ሰፈር እንደኖረች ያወቅሁት የካውንቲው ላይብረሪ ውስጥ የሕይወት ታሪኳን ሳገላብጥ ነው፤ ባሌን… ይቅር፣ እሱን ሌላ ቀን። ባሏ ዲፕሎማት ነበር። ከ1952 እስከ 1959 ዋሽንግተን ተመድቦ ሲሠራ እሷ ልጆቿን እያሳደገች፣ ታይፕራይተሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጽፍ ነበር፤ በር ዘግታ ብትጽፍ ልጆቹ እናታቸውን ያጣሉ ብላ። «ፖም በጨለማ» የተባለውን ወፍራም ልብ ወለድ የጨረሰችው እዚህ ነው፤ የታተመው በ1961። ጸሐፊው ኤሪኮ ቬሪሲሞም በዚያው ዘመን እዚሁ ከተማ የፓን አሜሪካን ዩኒየን የባህል ክፍል ኃላፊ ነበር፤ የሁለቱ ቤተሰብ አንድ ሆኖ የልጆቿ ክርስትና አባት እስከመሆን ደርሷል። ለእህቶቿ ደግሞ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ናፍቆት ናፍቆት የሚሸት። ለነገሩ እሷ ከልደቷም ስደተኛ ናት፤ በ1920 ዩክሬን ተወልዳ፣ ገና ስትድህ ወላጆቿ አይሁድ ላይ ከወረደው ግድያ ሸሽተው ብራዚል አስገቧት። በመጨረሻ ባሏን ትታ ልጆቿን ይዛ ሪዮ ተመለሰች። የተመለሰች ሴት ስሰማ ውስጤ የሆነ ነገር ይላል፤ ብ. ይህን ካነበበች ልትደውል ነው።

ታዲያ እኔ በየዕለቱ ባስ ተሳፍሬ የምወርደው እዚያ ነው። ሴትዮዬ ዘጠና ሊሞላት ነው፤ ደህና ናት፣ ጨዋ ናት፣ ስሜን ግን ከግማሹ ቆርጣዋለች። ኩሽና ውስጥ አንድ ሰማያዊ ማኅደር አለ። በየሺፍቱ የሆነውን እዚያ እንጽፋለን፦ ቁርስ፣ ግማሽ ብርቱካን። መድኃኒት፣ ወስዳለች። እንቅልፍ፣ ሁለት ጊዜ ነቃች። ከዚያ መስመሩ ዳር ላይ የስምና የአባት ስም መጀመሪያ ፊደል። አምስት ሴቶች ነን፤ አምስታችንም ሁለት ሁለት ፊደል። ልጇ እሑድ እሑድ መጥታ መነጽሯን አድርጋ ታነበዋለች። «ሁለት ጊዜ ነቃች» የሚለውን ታነባለች፤ ነቅታ ለኔ ያወራችልኝን ግን አታነብም፤ እሱ የሚሞላበት ሣጥን ቅጹ ላይ የለም። እንግዲህ በክፍያ የምጽፈው ማስታወሻ ይህ ነው። በነፃ የምጽፈው ይህኛው ነው፤ የቱ የተሻለ አንባቢ እንዳለው አትጠይቁኝ።

ሊስፔክቶር በኋላ፣ ከ1967 ጀምሮ፣ ጆርናል ዱ ብራዚል ጋዜጣ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጽፍ ነበር፤ ስለ ሠራተኞቿም ጽፋለች። አንደኛዋ አኒኛ የምትባል ዝምተኛ የሚናስ ዤራይስ ክፍለ ሀገር ልጅ ናት። ቤት እያስተካከለች ድንገት «እሜቴ መጽሐፍ ይጽፋሉ እንዴ?» ትላለች። ልታነብ ፈለገች። ሊስፔክቶር «የኔ መጻሕፍት ትንሽ ውስብስብ ናቸው፣ አትወጃቸውም» ስትላት፣ ልጅቷ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ ውስብስብ ነገር ነው የምወደው፣ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አልወድም አለቻት። ይህን ባነበብኩ ቀን ብቻዬን አጨበጨብኩ። ሰጠቻት ይሆን?

ጃናይር ብትጽፍ ምን ትጽፍ ነበር የሚለው ሐሳብ ነው ሌሊቱን የወሰደው። መልሱ ግን ቀድሞ ታትሟል፤ በ1960። ካሮሊና ማሪያ ጂ ጄዙስ።

በ1914 ሚናስ ዤራይስ ውስጥ ሳክራሜንቶ በምትባል ከተማ ተወለደች። ትምህርቷ ሁለት ዓመት ግድም ነው። ሳኦ ፓውሎ መጥታ በሰው ቤት ሠራች፤ ከቀጣሪዎቿ አንዱ በኋላ በ1968 በላቲን አሜሪካ የመጀመሪያውን የልብ ንቅለ ተከላ ያደረገው ሐኪም ዜርቢኒ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን ታነብለት ነበር። አረገዘች፤ ከሥራ ወጣች። ቲዬቴ ወንዝ ዳር ካኒንዴ የሚባል የጎስቋሎች ሰፈር ገብታ በጣውላና በቆርቆሮ በእጇ ጎጆ ቀለሰች። ሦስት ልጆች፣ አባት የለም። ቀን ወረቀትና ብረት ለቅማ ትሸጣለች፤ ከለቀመችው ውስጥ ባዶ ገጽ ያለውን ደብተር ለራሷ ታስቀራለች። ማታ ትጽፍበታለች።

ማስታወሻዋ የሚጀምረው ሐምሌ 15 ቀን 1955 ነው። የልጇ የቬራ ዩኒስ ልደት ነው። ጫማ ልትገዛላት አስባ ነበር፤ የምግቡ ዋጋ አላስችል አላት። ከቆሻሻ ውስጥ አንድ ጥንድ ጫማ አገኘች፤ አጠበችው፣ ጠገነችው፣ አጫማቻት። የመጀመሪያው ገጽ እሱ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት የመጀመሪያ ገጽ ቢኖረኝ ሁለተኛውን ባልጻፍኩ። ከዚያ የቦኖ ውሃ ሰልፍ፣ የሰልፉ ሐሜት፣ የጎረቤት ጠብ፣ ወረቀት ስንት እንዳወጣ፣ በዚያ ምን እንደተገዛ። ሲርባት ሰማዩ፣ ዛፉ፣ ወፉ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ይታያታል፤ ስትበላ ዓለም ወደ ቀለሙ ይመለሳል። ሳኦ ፓውሎን ደግሞ እንደ ቤት ትከፋፍለዋለች፦ ቤተ መንግሥቱ ሳሎን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ምግብ ቤት፣ ከተማው የአትክልት ቦታ፣ የኛ ሰፈር ቆሻሻ የሚጣልበት ጓሮ።

አሁን ወደምወደው ታሪክ። በ1958 አውዳሊዩ ዳንታስ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ ስለ ሰፈሩ ሊጽፍ ይሄዳል። ማዘጋጃ ቤቱ ለልጆች ብሎ የተከለውን ዥዋዥዌ ጎረምሶች ወርረውታል። አንዲት ረዘም ያለች ጥቁር ሴት ትጮኻለች፤ ልጆቹን ካስቸገራችሁ ስማችሁን ሁሉ መጽሐፌ ውስጥ አስገባለሁ! ጋዜጠኛው «የምን መጽሐፍ?» አላት። ወደ ጎጆዋ ወስዳ ከሃያ በላይ ደብተር አሳየችው።

መጽሐፌ ውስጥ አስገባሃለሁ! ፖሊስ አልጠራችም፣ ድንጋይ አላነሣችም። እኔ ማንን እንዲህ ብዬ አስፈራርቼ አውቃለሁ? እዚህ ስጽፍ ሁሉም «ብ.»፣ «ያ ሰውዬ»፣ «የምታውቋት» ነው። ማንም አይፈራኝም።

አስገባቻቸው ደግሞ። የሰከረውን፣ ሚስቱን የደበደበውን፣ የሰረቀውን፣ በየስሙ። መጽሐፉ «ኩዋርቶ ጂ ዴስፔዦ» (የውራጅ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል እንደማለት) ተብሎ ሲወጣ የመጀመሪያው እትም 10,000 ቅጂ በቀናት ውስጥ አለቀ፤ ከዚያ በየቋንቋው ተተረጎመ። ሰፈሩን ለቃ ስትወጣ ጎረቤቶቿ ዕቃዋን በጫነው መኪና ላይ ድንጋይ ወረወሩ። እዚህ ላይ ሁሌም እወዛገባለሁ። ሰዎቹ እኮ እንደሷ የተራቡ ናቸው፤ የከፋ ቀናቸው ዓለም ሲያነበው አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። በሌላ በኩል ደግሞ ስማቸው ባይገባ ማን ያስታውሳቸው ነበር? ሁለቱንም ወገን ሆኜ ስከራከር ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።

አንባቢው ቶሎ ሰለቻት። በ1961 ስለ አዲሱ የግንብ ቤት ኑሮዋ የጻፈችው እንደ መጀመሪያው አልተነበበም፤ ሰው የሚፈልጋት ጓሮው ውስጥ ሆና ነበር። ካሮሊና የካቲት 1977 ከከተማው ዳር በድህነት አረፈች። ሊስፔክቶር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ሃምሳ ሰባተኛ ልደቷ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው። ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣው «የኮከቧ ሰዓት» ደግሞ ማካቤያ ስለምትባል ድሃ ታይፒስት ነው፤ በሆት ዶግና በኮካ ኮላ የምትኖር፣ ሬዲዮ የምታዳምጥ፣ መርሴዲስ የሚገጫት። ያንን ሁልጊዜ ካሮሊናን ካነበብኩ በኋላ ነው የማነበው። ጠቢቧ ሴት ስለ ድሃዋ እንዴት እንደሚጻፍ ግራ ገብቷት ስትሰቃይ ታያላችሁ፤ ድሃዋ ግን ግራ አልገባትም ነበር፣ ወረቀት ነበር የሚጎድላት።

ኮንሴሳው ኤቫሪስቶን ያነበባችሁ ታውቃላችሁ፤ እሷም ቤሎ ኦሪዞንቴ ውስጥ በሰው ቤት ሠርታ ያደገች ናት። እናቷ ልብስ አጣቢ ነበሩ፤ የካሮሊናን መጽሐፍ ሲያነቡ «ይህ የኛ ነው» ብለው እሳቸውም ማስታወሻ መጻፍ ጀመሩ። ልጅቷ አድጋ ትልቅ ደራሲ ሆና በ2018 ለብራዚል የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ብትወዳደር ያገኘችው አንድ ድምፅ ነው። አካዳሚውን በ1897 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ የመራው እኮ የባሪያ ልጅ ልጅ ማሻዶ ጂ አሲስ ነው! ጥቁር ሴት የገባችው በ2025 ነው፤ አና ማሪያ ጎንሳልቪስ። ጉድ ነው። ሌላው የብራዚል ደራሲ ኢታማር ቪዬይራ ጁኒየርም «ጠማማ ማረሻ» ላይ፣ ባለ እርሻው ገበሬዎቹን ከጭቃ በቀር ቤት እንዳይሠሩ ሲከለክል፣ ያንን ላነብላችሁ ነበር፤ ግን ዛሬ አቅም የለኝም።

ምክንያቱም አሳቤ አዲስ አበባ ገብቷል። ቤታችን ሰርቪስ ውስጥ የነበረችው ዘ. የማታ ትምህርት ትማር ነበር። አረንጓዴ የእንጨት ሣጥን ነበራት፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ። ሣጥኑ ውስጥ ደብተሮች ነበሩ፤ ሒሳብና አማርኛ ብቻ አልነበሩም። እማዬ ሥጋ ስትቆጥርባት ዘ. አትመልስም፤ ማታ መብራቷ ቆይቶ ነበር የሚጠፋው። አንድ ቀን ወንድሜ ሣጥኑ ተከፍቶ አግኝቶ አንድ ገጽ አንብቦ ወጣና «አንቺም አለሽበት» ብሎኝ እየሳቀ ሮጠ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ለብስኩት ብዬ ረሳሁት።

ሌሊቱን ዳላስ ደወልኩለት። የማታ ሺፍት ስለሆነ አነሣ። ካሮሊናን፣ ዥዋዥዌውን፣ ጃናይርን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰምቶ «ጠጥተሻል?» አለኝ።

«የዘ. ደብተር ላይ ስለኔ ምን ነበር የሚለው?»

«የቱ ደብተር?»

«አንተ ያነበብከው! አረንጓዴው ሣጥን!»

ትንሽ አሰበ። «የሽሮዋ ነገር መሰለኝ» አለ፤ «ሥራ ላይ ነኝ፣ ቻው» ብሎ ዘጋው።

የምን ሽሮ?