የጓሳ ክዳን

የእናቴ ወገኖች የሚኖሩባት የመንዝ መንደር ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ነፋስ በማያርፍበት አፋፍ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ እንጨት ብርቅ ስለነበረ አባቶች ቤታቸውን የሠሩት በድንጋይ ነው፤ ግድግዳው ክብ፣ በሩ ጠባብ፣ ክዳኑ ዝቅ ብሎ የወረደ። ግድግዳውን ጠጋ ብዬ ስመለከተው በውጭና በውስጥ ሁለት ረድፍ ድንጋይ ተክቦ፣ መካከሉ በጠጠርና ጭድ በገባበት ጭቃ ተሞልቷል፤ ሁለቱ ረድፎች እንዳይለያዩም እዚህም እዚያም ረዘም ያለ ድንጋይ አጋድመውበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ጣራው ነው። ክዳኑ ቀጭንና ጠንካራ የሆነው የጓሳ ሣር ሲሆን፣ ማገሩ የታሰረበት ገመድም ከዚያው ሣር የተገመደ ነው። ከውስጥ ቀና ብለው ሲያዩት በምድጃ ጢስ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ ያብረቀርቃል። ጢሱ ዓይን ይለበልባል፤ ቢሆንም ሣሩን ከተባይ የሚጠብቀው እርሱ ነው።

ይህን ጣራ ያቆመው የከዳኝ እጅ ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ተጀመረ በሚነገርለት፣ ቄሮ በሚባለው የሜዳ ጥበቃ ሥርዓት፣ የቀደምቶቹ ባለርስቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን የጓሳ ሜዳ ለዓመታት ከልክለው ያቆዩትና ሣሩ ሲደርስ ከፍተው ያጭዱት ነበር፤ ያለጊዜው ያጨደ ወይም ከብት ያስገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ ቆይቶ ጥበቃውን በሌላ መልክ አደራጅቶታል። ዛሬ ጎብኚ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣበት ሜዳ ለአጎቴ ከሁሉ በፊት የቤት ክዳን ነው።

ቆርቆሮ ሲመጣ የተለወጠው ጣራው ብቻ አይደለም። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነገር በመሆኑ ክብ ቤት ላይ ሲመቱት ብዙው ተቆርጦ ይባክናል፤ ስለዚህ አዲሱ ቤት አራት ማዕዘን ይሆናል፣ የድንጋዩንም ቦታ የባሕር ዛፍ ቋሚና ምርግ ይይዘዋል። በረዶ ሲጥል ከሥሩ ተቀምጦ መነጋገር አይቻልም፤ ሌሊቱም ከሣር ቤት ይልቅ ይበርዳል። ይህን ለአጎቴ ባለቤት ብነግራቸው፣ «አንተ ሣር ቤት የሚያምርህ አዲስ አበባ ስለምታድር ነው ልጄ፤ ክረምት ሲገባ የሚያፈሰው እኔ ላይ ነው» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሣር በየጊዜው መጠገን ይፈልጋል፣ የእሳት ፍንጣሪም ያሰጋዋል፤ ቆርቆሮ ያለበሱትን ሰዎች እንደ ቅርስ አጥፊ የሚወቅስ ሰው አንድ ክረምት እዚያ ከርሞ ቢናገር ደስ ይለኛል።

አጎቴ ያገኙት መላ የቆርቆሮውን ቤት ከጎን ሠርቶ ለመኝታ ማድረግ፣ ክቡን ደግሞ ለማድቤትና ለእህል ማስቀረት ነው። ምድጃው ስላልወጣ ክዳኑ ጢሱን እንዳገኘ ነው። በሰሜን በኩል የሳሳውን ለማስከደን የሚቀጥለውን አጨዳ እየጠበቁ ሲሆን፣ የአህያ ኪራዩንና የከዳኙን ዋጋ እኔ እችላለሁ ብያለሁ። የሚያስቸግረው ከዳኙን ማግኘት ነው፤ በመንደሩ ሙያውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፣ እነርሱም ጣራ ላይ መውጣት እየከበዳቸው ነው።