ከመቶ ሰው ጥቂት የሚበልጥ ማዘጋጃ ቤት

አባቴ ከሣጥኑ ሥር አውጥቶ ያሳየኝ አንድ የቆየ የግብር ደረሰኝ አለ። ወረቀቱ በመታጠፍ ብዛት እጥፋቱ ላይ ተቀድዷል፤ ክቡ ማኅተም ግን «ከፋ ክፍለ ሀገር፣ ጅማ አውራጃ» የሚለውን ጽሑፍ አሁንም በግልጽ ያስነብባል። ክፍለ ሀገሩም አውራጃውም ዛሬ የሉም። ከዚያን ቀን ወዲህ ከካርታ ስለ ተሰረዙ አስተዳደሮች ማንበብ ልማድ ሆነብኝ፤ ካነበብኳቸው ሁሉ ልቤን የያዘው ግን ከእኛ እጅግ የራቀው፣ ግሪፕ የተባለው የኖርዌይ ማዘጋጃ ቤት ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።)

ግሪፕ ከክርስቲያንሱንድ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በኖርዌይ ባሕር ላይ የተበተነ የደሴቶችና የአለቶች ስብስብ ሲሆን፣ በቁጥር ሰማንያ ያህል ከሆኑት መካከል ሰው የሰፈረበት ዋናው ደሴት እንኳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቂት ደቂቃ በእግር የሚዳረስ ነው። ከፍተኛው ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 8 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከባሕር 1,700 ሜትር በላይ ተቀምጦ ውኃን በአዌቱ ወንዝ ሙላት ብቻ ለሚለካ እንደ እኔ ላለ የጅማ ሰው ይህን ማሰብ ያስደነግጣል። የሚታረስ መሬትም ሆነ ምንጭ በሌለበት እንዲህ ባለ አለት ላይ ሰው ለምን ሰፈረ ቢባል መልሱ ዓሣ ነው፤ በክረምት ለመራባት ወደ ኖርዌይ ዳርቻ የሚመጣውን ኮድ የተባለውን ዓሣ ለማጥመድ፣ ለቀዛፊ ጀልባ ከግሪፕ የቀረበ ማደሪያ አልነበረም።

ባሕሩ ግን የሰጠውን መልሶ ይወስዳል። በ1796 የተነሣው ማዕበል ወደ መቶ የሚጠጉ ቤቶችን ጠራርጎ ሲወስድ፣ በደሴቱ ከፍታ ላይ በ1470 ገደማ በእንጨት ምሰሶዎች የተሠራችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያን ተረፈች። በውስጧ በመካከሉ የእመቤታችን የማርያም ምስል ያለበት፣ ከኔዘርላንድ አካባቢ የመጣ ተከፋች የመሠዊያ ጌጥ ይገኛል። የንጉሠ ነገሥት ቻርልስ 5ኛ እህት ኢዛቤላ በ1515 የዴንማርክንና የኖርዌይን ንጉሥ ክርስቲያን 2ኛን ለማግባት ስትጓዝ ከማዕበል በመትረፏ ለምስጋና የሰጠችው ነው የሚል ትውፊት አለ። ትውፊትነቱን ሳልዘነጋ፣ እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኝ እቀበለዋለሁ።

ይህ መንደር በ1897 የራሱ ምክር ቤት ያለው ማዘጋጃ ቤት ሆነ። የኖርዌይ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ ከ1837 ጀምሮ የነበረ በመሆኑ ሥርዓቱ አዲስ አልነበረም፤ የሚገርመው መጠኑ ነው፤ በስፋትም በሕዝብ ቁጥርም ከአገሪቱ ሁሉ ትንሹ ሆኖ ኖሯልና። በመጨረሻው ዘመን ነዋሪው ከመቶ ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነበር። በእኛ ሰፈር አንድ እድር ከዚያ የበለጠ አባል አለው።

በ1960ዎቹ ኖርዌይ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶችን በማዋሐድ ቁጥራቸውን በ1958 ከነበረው 744፣ በ1967 ወደ 454 አወረደች። ግሪፕም በጥር 1 ቀን 1964 ከክርስቲያንሱንድ ጋር ተቀላቀለ። የመጨረሻዎቹ ቋሚ ነዋሪዎች ደሴቱን የለቀቁት በ1974 ነው። አሥር ዓመት ብቻ በመሆኑ ጥፋቱን በውሕደቱ ላይ ማላከክ ይቀላል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። ሞተር ያለው ጀልባ ከከተማ ተነሥቶ በዚያው ቀን አጥምዶ መመለስ ከቻለ፣ በአለቱ ላይ መክረም የግድ መሆኑ ቀርቷል፤ ማኅተሙ የተነሣው ምክንያቱ ከተነሣ በኋላ ነው።

ቤቶቹ ዛሬ በበጋ ይከፈታሉ፤ ከክርስቲያንሱንድም ጀልባ ይመላለሳል። ከደሴቱ አጠገብ ባለ አለት ላይ በ1888 የቆመው የብረት መብራት ቤትም ከ1977 ጀምሮ ያለ ጠባቂ በራሱ ያበራል።