የቦቢን የፊንጢጣ ፊስቱላ በመድኃኒት ያከምንበት መንገድ
ጀርመን ሼፐርድ ያላችሁ ሰዎች ይህን በተለይ ለእናንተ ብዬ ነው የምጽፈው። በውሻ ፊንጢጣ ዙሪያ የሚወጣ ፊስቱላ (መግል የሚያፈስ ቀዳዳ ያለው ቁስል) ከሌሎች ዝርያዎች ይልቅ ሼፐርድን በብዛት ያጠቃል። ጭራቸው ሰፊና ጸጉራም ስለሆነ ደግሞ ቁስሉን ይደብቀዋል።

የእኛ ቦቢ መጀመሪያ ያሳየን ምልክት መቀመጫውን አዘውትሮ መላስ ነበር። ቀጥሎ ሲጸዳዳ ማማጥ ጀመረ። ደም የነካካው ሰገራና መጥፎ ሽታ ተከተለ። ጭራውን ላንሳ ስል፣ ልጆቼ ላዩ ላይ ሲወጡበት ዝም የሚል ውሻ ጥርሱን አሳየኝ። ምን ያህል እንደሚያመው የገባኝ ያኔ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ያለችው ሐኪማችን አደንዝዛ ስታየው መግል የሚያፈሱ ትንንሽ ቀዳዳዎች አገኘች።

በሽታው ንጽሕና በመጓደል የሚመጣ አይደለም። የሰውነቱ መከላከያ በገዛ ቆዳው ላይ ስለሚዘምት ነው ቁስሉ የማይድነው። ለዚህም አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃውም። ድሮ ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነበር፤ ጭራ እስከ መቁረጥ ይደረስ ነበር። ከዚያም በኋላ ቁስሉ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ውሻ ሰገራውን መቆጣጠር ያቅተዋል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ሳይክሎስፖሪን ነገሩን ቀየረው። ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ሰውነታቸው አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋው የሚወስዱት መድኃኒት ነው።

ለቦቢ ጠዋት በባዶ ሆዱ እሰጠዋለሁ፣ ምግቡን መድኃኒቱን ከወሰደ 2 ሰዓት ያህል ቆይቶ ያገኛል። ከምግብ ጋር ሲሰጥ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። መጀመሪያ አካባቢ ያስመልሰው ነበር። ሐኪማችን ካፕሱሉን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጬ እንድሰጠው መከረችኝ፣ ረዳው። አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ፦ ሳይክሎስፖሪን ሁሉ አንድ አይደለም። «ሞዲፋይድ» የሚባለውና ሌላው ሰውነት ውስጥ የሚገቡበት መጠን ስለሚለያይ፣ ፋርማሲው በርካሹ ልቀይርላችሁ ቢል ሐኪም ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ።

ዋጋው ለትልቅ ውሻ ከባድ ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነን ኬቶኮናዞል ነው። ይህ የፈንገስ መድኃኒት ጉበት ሳይክሎስፖሪኑን ቶሎ እንዳያስወግደው ስለሚያደርግ ያነሰ መጠን ይበቃል። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ግን በየጊዜው ደም ማስመርመር ግድ ነው። ሌላ ማንኛውም መድኃኒት ሲታዘዝም እነዚህን ሁለቱን እንደሚወስድ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ጎን ለጎን ጸጉሩን አስላጨነው፣ ቁስሉን በለብታ ውኃ አጠብነው። ሕመሙ ረገብ ሲልለት ታክሮሊመስ ቅባት ጨመርን። ቅባቱም የመከላከል አቅምን ስለሚያዳክም ያለ ጓንት አይነካም። ምግቡም ከዚህ በፊት በልቶት በማያውቀው የሥጋ ዓይነት ተቀየረ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉ የከበደን ይኼ ነው። የአበሻ ቤት እንግዳ ከጥብሱ ቆረስ አድርጎ ለውሻው ሳያቀምስ አይሄድም! እናቴን «እማዬ፣ መድኃኒቱ ላይ ነው» ብዬ ነው ያስቆምኳት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መላሱና ማማጡ ቀነሰ፣ ጭራውን መወዝወዝ ጀመረ። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ውሻው ሲፈነጥዝ ስታዩ መድኃኒቱን ማቆም ያምራችኋል። ቀዳዳዎቹ ተደፍነው እስኪያልቁ ግን ወራት ይፈጃል፤ ከተደፈኑ በኋላም ቢያንስ ለ4 ሳምንት ያህል ይቀጥላል። ከዚያ ነው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ የሚቀነሰው። ቦቢ ስንቀንስለት አንዴ አገርሽቶበት ነበር። ጭራውን ሁልጊዜ እያነሳን ስለምናይ ገና ቅላት ብቻ እያለ ደረስንበት፣ መጠኑ ተመለሰለት፣ ዳነ። ዕድሜ ልክ አነስተኛ መጠን የሚያስፈልጋቸው ውሾች ብዙ ናቸው።

ድዱንም እዩለት። መድኃኒቱ ድድ ያሳብጣል፤ ቆዳቸው ላይ ኪንታሮት የሚያወጣባቸው ውሾችም አሉ። የመከላከል አቅሙ ስለሚቀንስ ተራ የቆዳ ቁስልም ቢሆን ቶሎ ይታይለት። የክትባት ቀጠሮ ሲደርስም ለሐኪሙ አስታውሱ፣ ሕያው ተሕዋስ ያለባቸው ክትባቶች በሕክምናው ወቅት አይሰጡም።