ጅብ ሰው ይፈራል ወይ? ሐረር ላይ የተማርኩት

«ጅብ ሰው ይፈራል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ አንዱ «ኧረ ምን ፈርቶ! ሰው ይበላ የለ እንዴ?» ይላችኋል። ሌላው ደግሞ «ድንጋይ ካነሳህማ እግሬ አውጪኝ ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔን የከነከነኝ እንዴት ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደቻሉ ነው። ለሥራ ሐረር በተመደብኩ ጊዜ ታዲያ፣ ከጀጎል ግንብ ውጪ ማታ ማታ ጅብ የሚያበሉ አንድ አባት ጋ ሄጄ እንዲያስተምሩኝ ለመንኳቸው።

«መጀመሪያ ቁጭ ብለህ እይ፣ ልጄ» አሉኝ። ሥጋውን ሳልነካ ብዙ ማታ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አሳለፍኩ።

ጅቦቹን በስማቸው ነው የሚጠሯቸው። መጀመሪያ ጨለማው ዳር ላይ ዓይኖች ብልጭ ይላሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ይመጣሉ። እሳቸውን ያለ ስጋት ይጠጓቸዋል። አንዳንዷማ የፊት እግሮቿን ትከሻቸው ላይ ጭና ትበላለች። እኔ የተቀመጥኩበትን ጎን ግን ሁሉም ዞረው ነው የሚያልፉት። «የሐረር ጅብ ሰው ለምዷል» ሲባል እንሰማለን። እኔ እንዳየሁት የለመደው እሳቸውን ነው፤ እኔን ገና ያጠናኛል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ያንኑ ልብስ ለብሶ መገኘት። ዝቅ ብሎ መቀመጥ። እጅን ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ። ባትሪውን ወደ መሬት ማብራት፣ ፊታቸው ላይ አለመልቀቅ። ዝም ከማለት ይልቅ በለሆሳስ ማውራት ይሻላል፤ ድምፅህን ይለዩታል። እኔም መጀመሪያ ሥጋ ከሩቅ ወረወርኩላቸው። ቀስ በቀስ ውርወራውን አሳጠርኩ። በመጨረሻ ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ አድርጌ ዘረጋሁ።

የመጣችው ግራ ጆሮዋ የተቀደደ ትልቅ ሴት ነበረች። በነጠብጣባም ጅቦች ዘንድ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ መንጋውንም የምትመራው ሴት ናት። አንገቷን አሰገገች። አፏ እኔ ጋ ደረሰ፤ የኋላ እግሮቿ ግን ለመፈትለክ ተወጥረዋል። ጅራቷን እግሮቿ መሃል ሸጉጣለች። ያ የበሬ አጥንት የሚያደቅ መንጋጋ ሥጋውን በጥርስ ጫፍ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ከእንጨቱ አላቀቀው። ከዚያ ዘወር ብላ ጨለማው ውስጥ ገብታ በላች። ልቤ ይደልቅ ነበር። እሷም ብትሆን የፈራች ነው የምትመስለው።

ያቺኑ ጅብ ሌላ ማታ ጀጎል ውስጥ፣ ጠባብ መተላለፊያ ላይ አገኘኋት። ግንቡ ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ሌሊት ገብተው የከተማውን ጥራጊ ይበላሉ። ስታየኝ ግድግዳው ላይ ልጥፍ ብላ እስካልፍ ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ ልጆች ድንጋይ ሲያነሱ ግን አፍታም አልቆመችም፣ ፈረጠጠች። በዚያች ሌሊት ሁላችንንም እኩል አልፈራችንም።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች ደቡብ አፍሪካ ክሩገር ፓርክ አካባቢ፣ እንስሳት ውሃ በሚጠጡበት ቦታ ድምፅ ማጉያ ደብቀው የሰው ተራ ወሬና የአንበሳ ድምፅ አሰሙ። እንስሳቱ ከአንበሳው ይልቅ የሰውን ድምፅ ሲሰሙ በእጥፍ ይሸሹ ነበር። ነብርና ጅብ ሳይቀሩ ማለት ነው። ሰው ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲያድናቸው ስለኖረ አይገርምም።

ግን ፍርሃቱ በደም ብቻ የሚወረስ ቢሆን ኖሮ የሐረሩ ልማድም አይኖርም፣ የጻቮው አደጋም አይደርስም ነበር። ኬንያ ጻቮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1898 ሁለት አንበሶች የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ለወራት እየጎተቱ በልተዋል። በኋላ የአንደኛው ራስ ቅል ሲመረመር፣ የክራንቻ ጥርሱ ተሰብሮ መንጋጋው መግል ይዞ እንደነበር ታውቋል። እንዲህ ያለ አንበሳ ጎሽ ማደን ሊያቅተው ይችላል። ሰው ግን ይቀለዋል።

እኛው አገር ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ቀልቤን ወሰደው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ምእመኑ ሥጋ ስለማይበላ ጅቦች የሚለቅሙት ትርፍራፊ ይነጥፋል። ተመራማሪዎች የጅብ ዓይነ ምድር ውስጥ የሚገኘውን ፀጉር ሲመረምሩ፣ በጾሙ ወቅት የአህያ ፀጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ አገኙት። ሆዱ ሲጎድል ወደ ሰው በረት ይደፍራል። ፍርሃቱ አልጠፋም፣ ረሃቡ በለጠው።

እኔ እንደሚገባኝ ጥርጣሬው አብሮት ይወለዳል። መጠኑን የሚወስኑት እናቱና ሰፈሩ ናቸው። የጅብ ግልገል ከዓመት በላይ ይጠባል። ካደገም በኋላ እናቱን እየተከተለ ከማን እንደምትሸሽ፣ ማንን ደግሞ ዝም ብላ እንደምታልፍ ያያል።

ስለዚህ «ጅብ ሰው ይፈራል» ብሎ ሜዳ ላይ ማደር ትልቅ አደጋ ነው። በአገራችን ጅብ ከሚጎዳቸው ሰዎች መካከል ውጪ የተኙና ሕፃናት አሉበት። ጅብ ሲያጋጥም መሮጥም አይገባም። ፊትን ወደ እሱ አድርጎ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ወደኋላ መሸሽ ነው።

ያስተማሩኝ አባት አንድ ነገር ላይ ፈጽሞ አይደራደሩም። ከዚያች ቦታ ውጪ ለጅብ ቁራሽ አይሰጡም። እስከ ቤታቸው ቢከተላቸው እንኳ ባዶ እጃቸውን ነው የሚገቡት። ሐረር ከሄዳችሁ ማታ ሄዳችሁ እዩ፣ ለሚያበላው ሰው ክፈሉ፣ በሚሰጣችሁ እንጨት አብሉ። መንገድ ላይ ስታገኟቸው ግን ለፎቶ ብላችሁ ከመኪና መስኮት ምንም አትወርውሩ። እናንተ በማግስቱ ትሄዳላችሁ፤ ያ ጅብ ግን ነገ ማታ የሚጠጋው ከሱቅ የሚመለሰውን የሰፈሩን ልጅ ነው።