ደሴ ላይ የመጽሐፍ ጋሪ ለመግፋት ለምታስቡ

በረንዳ ላይ ለሚያድሩ ሰዎች መጽሐፍ በጋሪ እያዞሩ ማዋስ ከምንም በላይ የሚፈልገው ሰዓት ማክበር ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ፒያሳ እንቆማለን ካላችሁ፣ 10 ሰዓት ላይ ፒያሳ መገኘት አለባችሁ። ጎዳና ላይ የሚኖር ሰው "ነገ እንመጣለን" እያለ የሚቀር ሰው ሰልችቶታል። ሁለት ጊዜ ከቀራችሁ በሦስተኛው መጽሐፍ ይዞ የሚጠብቃችሁ አታገኙም። ስለዚህ የጋሪው ክብደትም፣ የመጽሐፉ ዓይነትም፣ የመዝገቡ አያያዝም መመዘን ያለበት በአንድ ጥያቄ ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን በሰዓቱ ሊያደርሰው ይችላል?

ከጋሪው እንነሳ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተዘረጋች ዳገታም ከተማ ናት። በ100 ሜትር ርቀት 10 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ 100 ኪሎ የሚመዝን ጋሪ በ10 ኪሎ ያህል ጉልበት ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ይብሳል። ክብደቱን ወደ 50 ኪሎ ስታወርዱት ጉልበቱም በግማሽ ይቀንሳል፤ ያኔ አንድ ሰው ሳይጎዳ ይገፋዋል። ከ50 ኪሎ እንዳያልፍ የምንለው ለዚህ ነው። ሳጥኑን 100 በ60 በ45 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በ9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ካሠራችሁት ወደ 15 ኪሎ ይመጣል። ግድግዳው 1.5 ሚሊ የሆነ 25 በ25 ቱቦላሬ፣ 8 ሜትር ያህል፣ ወደ 9 ኪሎ ነው። ጎማዎቹና ማጠፊያዎቹ ሲጨመሩ ባዶው ጋሪ 30 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከ200 እስከ 250 ገጽ ያለው የወረቀት ልባስ መጽሐፍ በአማካይ 300 ግራም ይመዝናል ብላችሁ ብታስቡ፣ 60 መጽሐፍ 18 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ አትጫኑ። ሰው 60 መጽሐፍ ገልጦ አይጨርስም፤ በየሳምንቱ ከ10 እስከ 15ቱን መቀየር 200 መጽሐፍ ከመጎተት ይሻላል።

የሶፋ እግር ላይ የሚገጠመው ትንሽ ጎማ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የኮብልስቶኑ ስንጥቅ ውስጥ ይቀረቀራል። ባለ 26 የብስክሌት ጎማ ጥሩ ነው፣ ግን በያጆች ብዙ ጊዜ ዘንጉን ከአንድ ወገን ብቻ ይይዙታል። የብስክሌት ዘንግ ቀጭን ነው፤ ከሁለቱም ወገን ካልተደገፈ ቶሎ ይጎብጣል፣ ጎማውም ሳጥኑን መፋቅ ይጀምራል። እንደ ብስክሌቱ ሹካ ግራና ቀኝ እንዲይዝላችሁ በያጁን አጥብቃችሁ ንገሩት። ታኮ በገመድ አስራችሁ ጋሪው ላይ አንጠልጥሉ። ቁልቁለት ስትወርዱ ሁልጊዜ ከጋሪው በላይ በኩል ሁኑ፤ ቢያመልጣችሁ እናንተ ላይ እንዳይወጣ። ዳገት ሰውን ያደክማል፣ የሚጎዳው ግን ቁልቁለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ጋሪው የሚያድርበትን ቦታ ከምትቆሙበት ጋር በአንድ ከፍታ መፈለግ ነው። ጥበቃ ያለው ግቢ ወይም የሱቅ ጓሮ ይበቃል።

ኮምፔንሳቶ የሚበሰብሰው ከጠርዙ ነው። ጠርዙን ሁለት ሦስት ጊዜ የዘይት ቀለም ቀቡት። ክዳኑ ዙሪያ ያረጀ ከመነዳሪ በቁመት ቆርጣችሁ ምቱበት፤ ዝናብ አያሳልፍም። ወለሉ ላይ አራት ባለ 10 ሚሊ ቀዳዳ ብሱና መጻሕፍቱን ከወለሉ 2 ሴንቲ ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አስቀምጡ። ከዚያው ከመነዳሪ ቀጭን ቀጭን ማሰሪያ ቆርጣችሁ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በአግድም ወጥሩ። ክዳኑ ሲከፈት መጻሕፍት ፊታቸውን ወደ ሰው አዙረው ይቆማሉ። አላፊው ቆም የሚለው ሽፋን ሲያይ ነው፤ ጀርባ ተደርድሮ ሲያይ አልፎ ይሄዳል።

ኮምቦልቻ ላይ ችግሩ ሌላ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ነው፣ መንገዱ ይበልጥ ሜዳ፣ ፀሐዩ ግን ከባድ። ፀሐይ ላይ የዋለ ዝግ ሳጥን የመጽሐፉን ጀርባ ሙጫ ያደክማል፣ ገጽ መርገፍ ይጀምራል። ሳጥኑን ነጭ ቀቡ፣ ጥላ ፈልጉ፣ ሰዓቱንም ወደ 11 ሰዓት ግፉት።

ለጥገና የእንጨት ኮላ፣ ብሩሽ፣ ወፍራም ክርና መርፌ ያዙ። ማስቲሽ ጋሪው ላይ ፈጽሞ እንዳይገኝ። ጎዳና ላይ ያሉ ልጆች ረሃብና ብርድ ለመርሳት የሚስቡት እሱን ነው፤ አንድ ቀን ክፍቱን ከተዋችሁት አቅራቢ ሆናችሁ ማለት ነው። ለወረቀትም ቢሆን አይበጅም፣ ሲቆይ ቢጫ ሆኖ ይሰነጠቃል። የተነቀለ ገጽ ሲመጣ ጠርዙን 2 ሚሊ ብቻ ኮላ ቀቡና ቦታው አስገቡት፣ ከሁለቱም በኩል ላስቲክ አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት። ኮላ ከበዛ ጎረቤት ገጾች ይጣበቃሉ። ረጥቦ የተመለሰ መጽሐፍ ቆሞ፣ እንደ ማራገቢያ ተከፍቶ፣ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ በየ20 ገጹ ጋዜጣ አስገቡና ጋዜጣው ሲርስ ቀይሩት። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ያለው መጽሐፍ ከረጠበ ቅድሚያ ስጡት፤ ተጣብቆ ከደረቀ አይላቀቅም።

ተመላሽ መጻሕፍትን በላስቲክ አሽጋችሁ ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩ። የልብስ ቅማል ከሰው ገላ ከተለየ አንድ ሳምንት ገደማ ነው የሚቆየው፣ የእከክ ተባይ ደግሞ ጥቂት ቀናት። ትኋን ግን ሳይበላ ወራት ይቆያል፤ የመጽሐፉን ጀርባና መገጣጠሚያ ከፍታችሁ ጥቋቁር ነጠብጣብ ፈልጉ። ይህን ሁሉ ቤት ስትገቡ አድርጉት። መጽሐፍ የመለሰ ሰው ፊት ጓንት ማጥለቅ ሰውየውን ማዋረድ ነው።

አዋዋሱ ቀላል ይሁን። በመጽሐፉ የኋላ ልባስ ውስጥ የወረቀት ኪስ ለጥፉ፣ ኪሱ ውስጥ ርዕሱና ቁጥሩ ያለበት ካርድ። ሰውየው ራሱን የሚጠራበትን ስም፣ ቅጽል ስምም ቢሆን፣ ካርዱ ላይ ይጽፋል ወይም ትጽፉለታላችሁ፤ ካርዱ እናንተ ጋ ይቀራል። መታወቂያ አይጠየቅም፣ መመለሻ ቀን የለም፣ ቅጣት የለም። ተፈናቅሎ የመጣ ሰው፣ ልብሱ የተሰረቀበት ሰው መታወቂያ ከየት ያመጣል? በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብስክሌት ጋሪ የሚሠራው ስትሪት ቡክስም የሚያውሰው እንዲሁ ነው፣ ያለ መታወቂያና ያለ ቅጣት።

ከ3 መጽሐፍ አንዱ አይመለስም ብላችሁ በጀት ያዙ። ዝናብ ይበላዋል፣ አፈሳ ሲመጣ ከነማዳበሪያው ይጣላል፣ ለሱቅ መጠቅለያ በኪሎ ይሸጣል። አንድ ነገር ግን በእናንተ እጅ ነው። ተራ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም የተመታበት መጽሐፍ ጎዳና አዳሪ እጅ ላይ ሲታይ ጥበቃውም ፖሊሱም "ከየት ሰረቅከው?" ይላል። ስለዚህ ልባሱ ውስጥ በትልቁ "ይህ መጽሐፍ ለያዘው ሰው በፈቃድ የተሰጠ ነው" ብላችሁ ጻፉ። ከመጽሐፉ ጋርም የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲክ ቆርጣችሁ ስጡ። በክረምት ይህ ላስቲክ ከሌለ መጽሐፍ ማዋስ ትርጉም የለውም።

ምን ይነበባል? ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ፣ አጫጭር ታሪክ፣ የመንጃ ፈቃድ መማሪያ፣ የቆየ የፈተና ጥያቄ፣ የሳምንቱ ጋዜጣ። ሰዎች ለበጎ አድራጎት የሚሰጡት የእንግሊዝኛ የኮሌጅ መማሪያ ጋሪ ከማክበድ በቀር አይጠቅምም፤ በትህትና መልሱት። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በአረብኛ ጥቂት ጥቂት ያዙ። ማንበብ ለማይችል ላስቲክ የለበሰ የፊደል ገበታ አንጠልጥሉ፣ አንድ ሰውም ሩብ ሰዓት ጮክ ብሎ ያንብብ። ቁርአንና ዳዊት በንጹህ ጨርቅ ተጠቅልለው ከሁሉም በላይ ባለው ክፍል ይቀመጡ፤ መሬት ላይ አይውረዱ፣ በላያቸው ላይም ሌላ መጽሐፍ አይደረብ። ወሎ ላይ ይህን የሚያይ ዓይን ብዙ ነው፣ ማየቱም ተገቢ ነው።

ደጋግመን የምናሳስበው የማንበቢያ መነጽርን ነው። "እኔ ማንበብ ትቻለሁ" የሚል የ50 ዓመት ሰው ብዙ ጊዜ የተወው ፊደሉ ስለደበዘዘበት ነው። +1.50፣ +2.00 እና +2.50 ጥቂት ጥቂት ያዙ። ክዳኑ ላይ ከተከፈተ ገጽ አጠገብ አስቀምጧቸው እንጂ "ዓይንዎ ደክሟል?" ብላችሁ አትጠይቁ። ጋሼ ራሳቸው አንስተው ይሞክራሉ። ገጹን 40 ሴንቲ ገደማ አርቀው ሳይጨነቁ ካነበቡ ያ ቁጥር የእሳቸው ነው፤ ሁለት ቁጥር እኩል ከታየ ዝቅተኛውን ስጡ።

ከቀበሌው ደብዳቤ አውጡ፣ ኮፒውን ክዳኑ ላይ ለጥፉ፣ "ሽያጭ የለም" የሚል ይኑርበት። ደንብ አስከባሪ በጋሪ የቆመን ሁሉ ነጋዴ ነው ብሎ ነው የሚመጣው። ሰኞ ሰኞ ገበያ አካባቢ ጋሪ አታስገቡ፣ መተላለፊያ የለም። ዳቦ ከመጽሐፍ ጋር በአንድ ሰዓት አታድሉ፤ ሰልፍ ይሆናል፣ ሰልፍ ውስጥ መጽሐፍ የሚመርጥ የለም። ፎቶ አታንሱ።

ዓርብ ቀትርና እሑድ ጠዋት አትቆሙ። ረመዳን ሲገባ ሰዓቱ ከአፍጥር በፊት እንዲያልቅ ወደ 9 ሰዓት ይምጣ፣ ለውጡም ከሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይነገር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ጋሪውን ከከለከላችሁ ጥላ ይዛችሁ ባዶ እጃችሁን በሰዓቱ ሂዱ፣ ተመላሽ ተቀበሉ፣ የሚቀጥለውን ቀን ንገሩ።