ለአምስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ

ዛሬ ሥራ ቦታ አንዲት ስህተት ሠርቼ ቀኑን ሙሉ ስስቅባት ዋልኩ። ማታ ላይ ግን ሳቁ ጠፋ።

የምሠራው ሬጂና ውስጥ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ዛሬ ኅዳር 2፣ እነሱ ኖቬምበር 11 የሚሉት፣ ካናዳ በጦርነት የሞቱባትን የምታስብበት ቀን ስለሆነ ሁላችንም ግራ ደረታችን ላይ ቀይ የፖፒ አበባ ሰክተናል። ስፒሏ መያዝ የሚባል አታውቅም፤ የእኔዋ ሦስቴ ጠፍታ አንዴ ከአንሶላ እጥፋት ውስጥ ነው ያገኘኋት። ሰዓቱ ሲደርስ በድምፅ ማጉያው ጡሩምባ ተነፋና ሁሉም ለሕሊና ጸሎት ጸጥ አለ፤ ሁለት ደቂቃ። ሻይ የማጠጣቸው፣ በልቤ «አባባ» የምላቸው ሽማግሌ ጆሯቸው አይሰማም። በዚያ ጸጥታ መሐል ጮክ ብለው «ስንት ሰዓት ነው?» አሉኝ። ሰዓቴን አየሁና በጆሯቸው «አምስት» አልኳቸው። ደንግጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ መሽቶ እንደሆነ ሊያዩ። አሥራ አንድ ማለት ነበረብኝ። ስምንት ዓመት እዚህ ኖሬ፣ ድንገት ሲጠይቁኝ ከአፌ የሚወጣው አሁንም የአገሬ ሰዓት ነው።

ማታ ሻወር ወስጄ ጋደም እንዳልኩ ስለ ቀኑ ሳነብ ጆርጅ ላውረንስ ፕራይስን አገኘሁት። የተወለደው በፈረንጆቹ 1892 (ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኖቫ ስኮሺያ፣ ፋልማውዝ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ መጥቶ ሙስ ጆ ይኖር ነበር። ሙስ ጆ! ከእኔ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት አትሞላም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ፣ በ1917 በግዳጅ ተመለመለና በ28ኛው ሻለቃ ተራ እግረኛ ወታደር ሆነ። ፈልጎ የዘመተ አልነበረም ማለት ነው፤ ይቺን ነገር ደግሜ አነበብኳት።

በሚቀጥለው ዓመት በዚያ የመጨረሻ ጠዋት ቤልጂየም ውስጥ፣ ሞንስ ከተማ አጠገብ ነበሩ። የተኩስ አቁሙ ፈረንሳይ ውስጥ፣ ጫካ መሐል በቆመ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ተፈርሟል፤ በእኛ አቆጣጠር ነው የምለው። ሥራ ላይ የሚውለው ግን ከረፋዱ 5 ሰዓት ጀምሮ ነው ተባለ። ያቺ በመሐል ያለችው ስድስት ሰዓት ነች ያንገበገበችኝ። ወሬው በየግንባሩ እስኪዳረስ ጊዜ ያስፈልጋል ይላሉ፤ እሺ፣ ይገባኛል። ግን ወሬው የደረሳቸውስ ምን ያስተኩሳቸው ነበር?

ፕራይስና ጥቂት ጓደኞቹ ቦዩን ተሻግረው ቪል ሱር ኤን ወደምትባል መንደር ገቡ። መትረየስ የያዙ ጀርመኖችን ፍለጋ ቤት ለቤት ገብተዋል። እሱ ከቤት ወደ መንገዱ ሲወጣ አልሞ ተኳሽ ደረቱን መታው። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ሰዓቷ በመታሰቢያ ጽሑፉ ላይ ሰፍራለች፣ 10:58። ለአምስት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ።

ካናዳ ያኔ ሕዝቧ ስምንት ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በዚያ ጦርነት 61,000 ያህል ሞተውባታል። የመጨረሻው እሱ ነው ይባላል። ፈረንሳዮች በዚያው ጠዋት የሞተባቸውን ወታደር መቃብር ላይ ቀኑን ኖቬምበር 10 ብለው ጻፉት። ማፈራቸው ይሆን? እንደዚያ ከሆነ፣ እኔ እፍረታቸውን ወድጄዋለሁ።

ፕራይስ የተቀበረው ሞንስ አቅራቢያ ሳን ሳምፎሪያን በሚባል መካነ መቃብር ነው። ቦታውን በ1914 የጀመሩት ጀርመኖች ናቸው። መሬቱን የሰጠው ቤልጂየማዊ የሁለቱም ወገን ሙታን እኩል እንዲከበሩ ብሎ ነው የሰጠው። ዛሬ 284 ጀርመኖችና 229 የእንግሊዝና የግዛቶቿ ወታደሮች እዚያው በዛፍ ጥላ ሥር ናቸው። በጦርነቱ መጀመሪያ የሞተው እንግሊዛዊ ጆን ፓርም እዚያ ነው፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጎረቤት ሆነዋል።

ቀኑን ወደ እኛው አቆጣጠር ስመልሰው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ሆነና ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። የኅዳር በሽታ ወር! በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ቀባሪ አጥታ ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው በስንት መከራ ነው የተረፉት። ልጅ ሆነን ኅዳር 12 ሰፈሩን በጭስ ስናጥን ከጨዋታ ሌላ መች ይመስለን ነበር። ያው በሽታ እዚህም 50,000 ያህል ሰው ፈጅቷል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እማዬ ጋ ደወልኩ። እዚያ ጠዋት 12 ነው፤ ቡና ላይ ነበረች። ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ቤት ለቤት ሲዞር አንዷ እንኳ ቁጭ በል አትለውም?» አለች። «አቦሉ እስኪወርድ ቢቆይ እኮ አልፎለት ነበር።»

«ውጊያ ላይ እኮ ነው እማዬ።»

«ይሁና!»

ሲኒዎቹን ስትደረድር ይሰማኝ ነበር።