«ድሩ የት ነው ልጄ?»፦ ስምንት ወር ከአቡጀዲ ጋር

ምን ደረስሽ ለምትሉኝ፦ አልተውኩትም። መስከረም ላይ «ዘንድሮ ልብስ ወረቀት ላይ ከመሣል ወጥቼ ጨርቁን ራሱን ማኒኪን (የሰው ገላ ቅርጽ ያለው ማቆሚያ) ላይ እያዋልኩ የልብሱን ቅርጽ ማውጣት እማራለሁ» ብዬ ፎክሬ ጠፋሁ። አሁን ግንቦት ገብቷል። የደረስኩበትን፣ ይልቁንም የተሰናከልኩበትን ልጻፍላችሁ። ገና የሚጀምር ካለ የእኔን ያህል አቡጀዲ እንዳያባክን።

ቀን ቀን ቢሮ ሒሳብ እሠራለሁ። ስፌቱ ከማታ ሁለት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ያለኝ መኪና የእማዬ የእግር ሲንጀር ነው፤ ቀጥ ብሎ ከመስፋት በቀር ሌላ አያውቅም። ኦቨርሎክ (የጨርቁ ጫፍ እንዳይተረተር የሚሰፋው) ሲያስፈልገኝ ሰፈራችን ያሉ ልብስ ሰፊ ዘንድ እወስዳለሁ። ጋሼ ነው የምላቸው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመው ይመጣሉ።

ለማኒኪን የተጠየቅሁት ዋጋ የወር ደመወዜን ግማሽ ስለሚበላ ራሴ ሠራሁት። አሮጌ ጠበብ ያለ ካናቴራ ለበስኩ፤ እህቴ ከአንገቴ እስከ ዳሌዬ በካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ሦስት ዙር ጠመጠመችኝ። እየጠበቀ ሲሄድ ሰው ሆዱን ስብስብ አድርጎ መቆም ያምረዋል፤ እንዲያ ከቆማችሁ ግን ማኒኪኑ እናንተን አይመስልም። ሲያልቅ ጀርባዬን መሃል ለመሃል በመቀስ ሰነጠቀችውና እንደ ሙዝ ልጣጭ አወለቀችልኝ። ከጋሼ ቤት በከረጢት ያመጣሁትን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየጠቀጠቅን ሞላነው፤ የመጥረጊያ እንጨት ሰካንበት፤ እንጨቱን ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ በሲሚንቶ ተከልነው። እማዬ መብራት ሳታበራ ስትገባ ሁለቴ «በስመ አብ!» ብላለች።

ሁለት እንከን አለው። የፕላስተሩ ሙጫ ስፒሉ ላይ ስለሚጣበቅ ጥቂት ከሰካሁ በኋላ ስፒሎቹ አቡጀዲው ውስጥ አልገባ ይላሉ። ላዩ ላይ ጥብቅ ያለ የጥጥ ካናቴራ አለበስኩት፤ ተሻለው እንጂ አልዳነም። ሁለተኛው እንከን የማኒኪኑ ሳይሆን የእኔ ነው፤ ቀኝ ትከሻዬ ከግራው አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የተለመደው አሠራር የቀኙን ግማሽ ብቻ ማኒኪኑ ላይ አውጥቶ ለግራው መገልበጥ ነው። ተገዝቶ የሚመጣ ማኒኪን ሁለቱ ወገኑ እኩል ስለሆነ ያስኬዳል። እኔ ግን ከቀኙ ገልብጬ የሰፋሁት ሸሚዝ ግራ ትከሻዬ ላይ እየሳበ አስቸገረኝ። ለራሱ የሚሰፋ ሰው ሁለቱንም ወገን ያውጣ፤ ሰውነታችን በማስመሪያ አልተሠራም።

ጥቅምት በሙሉ የባከነው ግን በሌላ ነገር ነው። አምስት ሜትር አቡጀዲ ገዝቼ፣ ሳላጥብ፣ ሳልተኩስ፣ በዓይኔ መጥኜ ቆረጥኩት። ማኒኪኑ ላይ ሳለ ያምራል። ሰፍቼ ስለብሰው የጎኑ ስፌት ወደ ሆዴ ይዞራል። ፒንሱን (ልብሱ ገላ እንዲይዝ ተጣጥፎ የሚሰፋውን) አጠበብኩ፣ ጎኑን አጠበብኩ፣ ምላጭ ይዤ ተረተርኩ፣ ደግሜ ሰፋሁ። አሁንም ይዞራል። ጋሼ ዘንድ ስወስደው ልበሺው እንኳ አላሉኝም። ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው «ድሩ የት ነው ልጄ?» አሉኝ።

ለነገሩ ሁሉ «እንደ ድርና ማግ» እያልን የምናወራ ሰዎች ነን። አያቴ ደግሞ ፈታይ ነበረች። እኔ ግን ጨርቅ ስቆርጥ ድሩ በየት በኩል እንደሚሄድ አይቼ አላውቅም። ድሩ ሲሸመን ተወጥሮ የቆመው፣ በጨርቁ ርዝመት የሚሄደው ክር ነው፤ እምብዛም አይለጠጥም፣ የልብሱን ክብደት የሚሸከመውም እሱ ነው። ማጉ ትንሽ ይለቃል። ከሁለቱ መካከል በሰያፍ ስትስቡት ግን ያው ጨርቅ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ደረቱ ላይ ድሩ ቀጥ ብሎ ካልቆመ ልብሱ የራሱን መውረጃ ፈልጎ ይዞራል፤ ስፌት ማጥበብ አይመልሰውም።

አሁን አቡጀዲውን መጀመሪያ ነክሬ አጥበዋለሁ፤ ስታርቹ ይለቃል፣ የሚያጥረውም ያጥራል። ከዚያ ዳሩን በመቀስ ነካ አድርጌ አንድ ክር በጥፍሬ እይዝና በቀስታ እመዝዛለሁ። ጨርቁ ይሸበሸባል፤ ክሩ መሃል ላይ ይበጠሳል፤ ጫፉን ፈልጌ እንደገና እይዛለሁ። ወጥቶ ሲያልቅ፣ ሹሩባ የምትሠራ ሴት ጠጉር ስትከፍል እንደሚታየው፣ ጨርቁ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል። በእሱ ላይ ነው የምቆርጠው። የተቆረጠው ጨርቅ ማዕዘኑ ተጣሞ ከመጣ እኔና እህቴ ያጠሩትን ሁለት ማዕዘኖች ይዘን፣ አንሶላ እንደምናጥፍ፣ በሰያፍ እንሳሳባለን። በመጨረሻ ካውያ፤ እሱም በድሩ አቅጣጫ ብቻ።

የፊቱን ክፍል ሳወጣ እንዲህ ነው። ማኒኪኑ ላይ፣ ከአንገት እስከ ወገብ መሃሉን፣ እንዲሁም የደረቱን ሙሉ ቦታ ዞሮ፣ ቀይ ክር ወጥሬበታለሁ። አቡጀዲው ላይ አንድ ድር በእርሳስ አሰምራለሁ፤ እሱን የሚያቋርጥ አንድ ማግም። የድሩ መስመር ከመሃሉ ክር፣ የማጉ መስመር ከደረቱ ክር ይገጥማል፤ እዚያ ላይ ስፒል። ማጉ ወደ ጎን ሲሄድ ከወለሉ እኩል መሆኑን እያየሁ ጨርቁን በመዳፌ ወደ ትከሻ እየዳበስኩ አወጣዋለሁ። አንገቱ ዙሪያ ይታነቃል፤ በመቀስ ጫፍ ጭረት ጭረት ሳደርግለት ይለቃል። (እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከልክ ያለፈች አንዲት ጭረት አንድ ሙሉ ጨርቅ አበላሽታብኛለች።) ደረት ጉብ ያለ ስለሆነ የሆነ ቦታ ላይ ትርፍ ጨርቅ መከማቸቱ አይቀርም። ፒንስ የምንለው ያንን ትርፍ ነው።

ፒንስን እስከዚያ የማውቀው ፓተርን (ጨርቅ የሚቆረጥበት የወረቀት ልክ) ላይ እንደተሰመረ ሦስት ማዕዘን ነበር፤ ለምን እዚያ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ኅዳር ላይ አንድ ማታ ትከሻ ላይ የሰካሁትን ነቅዬ ጨርቁን ገፋ አደረግኩት፤ ትርፉ ብብት ስር ሄደ። ወደ ታች ገፋሁት፤ ወገብ ላይ ቆመ። ለሁለት ከፈልኩት። ሰብሰብ አደረግኩት። አንገት ላይ ሦስት ትንንሽ ሽንሽን አወጣሁለት። ጨርቁ ያው ነው፣ ደረቱም ያው ነው፤ ትርፉ አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል እንጂ። ሰዓቴን ሳይ ከሌሊቱ ሰባት ሆኗል፤ በማግስቱ ሥራ አለ። ከስምንቱ ወር አንድ ሌሊት ምረጪ ብትሉኝ ያንን ነው።

እጅጌ ግን ሁለት ወር በላኝ።

የእጅጌው አናት ዙሪያ ከሚገባበት የብብት ዙሪያ ይበልጣል፤ በእኔ ጨርቅ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ። ያንን ትርፍ ሽብሽብ ሳይታይ ትከሻው ላይ አምቆ ማስገባት ነው ሥራው። ሁለት መስመር ላላ ያለ ስፌት እሰፋበትና ክሩን ሳብ ሳብ አድርጌ፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌ በካውያ አስተኛዋለሁ። የመጀመሪያውን የቀኙን ግራ ላይ ሰፋሁት፤ የፊቱ ጎድጎድ ማለቱን፣ የኋላው ሞላ ማለቱን አላየሁም። ተረተርኩ። ሁለተኛው ቆንጆ ሆነ። መስታወት ፊት እጄን አውርጄ ስቆም አንዲት ሽብሽብ የለችውም። ለብሼው ሥራ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሒሳብ ለረዳቱ ልሰጥ እጄን ስዘረጋ ብብቴ ስር «ቀጭ» አለ።

ጠቦ ነው ብዬ ብብቱን ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ቆረጥኩት። ባሰበት። አሁን እጄን ሳነሣ ቀሚሱ በሙሉ አብሮ ይነሣል። ጋሼ አይተው ሳቁብኝ። «የሌሊት ወፍ ነው የሰፋሽው። ብብቱን ባወረድሽው ቁጥር እጅሽን ከጎንሽ ጋር እያሰርሽው ነው።» ለካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብብቱ ወደ ሰውነት ቀረብ፣ ከፍ ባለ ቁጥር ክንድ ለብቻው ይንቀሳቀሳል። የእጅጌው አናትም የራሱ ድርሻ አለው። አናቱ ረጅም ከሆነ እጅ ሲወርድ ያምራል፣ ሲነሣ ይይዛል፤ አጠር ብሎ እጅጌው ሰፋ ካለ እጅ እንደ ልብ ይነሣል፣ ሲወርድ ግን ብብት ስር እጥፋት ይታያል። የኮትና የሸሚዝ ልዩነት በአብዛኛው እዚህ ነው። የተቆረጠ ብብት ተመልሶ ስለማይቀጠል ሦስተኛውን ከአዲስ አቡጀዲ ጀመርኩ፤ ብብቱን ከፍ፣ አናቱን ሁለት ሴንቲ ሜትር አጠር። አሁን ሁለት ትንንሽ እጥፋቶች አሉት፤ ምንም አላልኳቸውም።

የካቲት ላይ በሰያፍ መቁረጥ አማረኝ። በዚህ ጉዳይ ስሟ የሚነሣው ፈረንሳዊቷ ማድሌን ቪዮኔ ናት (እ.ኤ.አ. 1876–1975)። እ.ኤ.አ. በ1912 ፓሪስ ላይ የራሷን የፋሽን ቤት ከፍታ፣ ገላን በኮርሴት (ወገብ በሚያጠብቅ የውስጥ ልብስ) ማጥበቅ ትታ ጨርቁን 45 ዲግሪ አዙራ በራሱ ክብደት ገላ ላይ እንዲፈስ አደረገች። እኔን የማረከኝ ግን የአሠራሯ ነገር ነው፤ ትሠራ የነበረው ግማሽ ቁመት ባላት የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ነበር። ለኪሴ የተላከ ምክር አድርጌ ወሰድኩት። ርዝመትም ስፋትም በግማሽ ሲቀንስ ጨርቁ ሩብ ብቻ ይፈጃል። የራሴን ልክ በሁለት አካፍዬ ከውሃ ፕላስቲክና ከጥጥ ትንሿን ሠራኋት። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ትንሿ ላይ ያው አቡጀዲ ድርቅ ይላል፣ ምክንያቱም የሚያወርደው ክብደት የለውም። ለእሷ ሳሳ ያለ ጨርቅ ያስፈልጋል።

በሰያፍ የቆረጥኩትን የመጀመሪያ ጉርድ በዚያው ማታ ሰፍቼ ጫፉን ቀመቀምኩት። ጠዋት ስለብሰው አንዱ ወገን ጉልበቴ ጋ፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቴ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሰያፍ ጨርቅ ተሰቅሎ ማደር አለበት፤ እኔ አሁን ሁለት ቀን እሰቅለዋለሁ፣ ከዚያ ከወለሉ ወደ ላይ በማስመሪያ እየለካሁ በጠመኔ ምልክት አድርጌ እቆርጣለሁ። ሌላው ችግር ክሩ ነው። ሲንጀሩ ቀጥታ ብቻ ስለሚሰፋ፣ ስቀመጥ ጨርቁ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። እየሰፋሁ ጨርቁን በጣም በትንሹ ወጠር ማድረግ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተበጠሰብኝም።

በዚህ ድፍረት ነው ለእማዬ የፋሲካ ቀሚስ የተነሣሁት። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ጫፉ ላይ ጥለት የተሸመነበት ሸማ ገዛሁ። ሐሳቤ ወገቡ ላይ ጠበብ፣ ከታች እንደ ደወል ክብ ብሎ የሚከፈት፣ በሰያፍ የወረደ ቀሚስ ነበር። ደግነቱ ከዚያ በፊት ከእማዬ አሮጌ ነጠላ ቆርጬ ትንሿ ላይ ሞከርኩት። ሸማ አቡጀዲ አይደለም። ሽመናው ልል ስለሆነ በሰያፍ ሲንጠለጠል መውረዱን አያቆምም፤ ስፌቱ አጠገብ ክሮቹ እየተንሸራተቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ጥለቱ ደግሞ ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው፤ ክብ ጫፍ ላይ ዙር ቢሉት አይዞርም። ሳስገድደው ተንጨፍርሮ ቆመ።

እማዬ ከተቆረጠው የተረፈውን ነጠላ አንሥታ «ይሄን ሁሉ ስፒል ምን አመጣው?» አለችና ትልቁ ማኒኪን ላይ መስቀለኛ አጣፋችው። ከዚያ ፈታችና እንደ አደግዳጊ ወገቡ ላይ አሠረችው። ለለቅሶ የሚዘቀዘቀውን ልታሳየኝ ስትል «ኧረ ተይ በፋሲካ!» ብዬ አስቆምኳት። አንድ መቀስ ሳይነካ፣ አንድ ስፒል ሳይሰካ፣ ጨርቁ በየመልኩ እጥፋቱን እያወጣ ያርፋል። እኔ በስንት መከራ የምፈልገውን አወዳደቅ እጇ ድሮ ያውቀዋል። ያየሁት ነገር ግን ሌላ ነው፤ በየትኛውም አለባበሷ ጥለቱ ተጣሞ አልዋለም።

ስለዚህ ሰያፉን ተውኩት። ጥለቱ ከታች ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ስፋቱ ወገቡ ላይ በሽንሽን ይዋጥ አልኩ፤ እናቶቻችን ሽንሽን ቀሚስ የሚሉት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። የሒሳብ ሠራተኛ መሆኔ እዚህ ላይ ጠቀመኝ። ሸማው 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ሦስት ቁራጭ ሲገጣጠም 270። ሦስቱ ስፌቶች በየሁለት ሴንቲ ሜትር 6 ይበላሉ፤ 264 ይቀራል። ሙሉ ሽንሽን ከሦስት እጅ አንዱ ይታያል፣ ሁለቱ ከስር ይታጠፋል፤ 264 ለሦስት 88። የእማዬ ወገብ 84 ነው፣ አራቱ ለመተንፈሻ። እንዲህ የገጠመ ሒሳብ ቢሮም አጋጥሞኝ አያውቅም። የላዩን ክፍል ማኒኪኑ ላይ አወጣሁት፤ የእማዬ ደረት ከእኔ ስለሚሞላ ማኒኪኑን በፎጣ አደለብኩት። እጅጌው ሦስተኛው ነው፣ አናቱ አጠር ያለው።

የስቅለት ማታ ለበሰችው። መስታወት ፊት ትቆማለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ጓዳ ገብታ ሁለት እጇን አነሣችና ከላይኛው መደርደሪያ የዶሮውን ድስት አወረደች። ብብቱ አልሳበም፤ ጥለቱ ከወለሉ ፈቀቅ አላለም። ትንፋሼን ውጬ አያታለሁ። ድስቱን አስቀመጠችና ጎኖቿን በመዳፏ ወዲህ ወዲያ ዳበሰች።

«ኪስ የለውም እንዴ?»

የቀኙ ጎን ተተርትሮ ሲንጀሩ ላይ ተቀምጧል።